ተቆራጩ የልጁ ነው፦ ስለ ልጅ ቀለብ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ልጅ ተቆራጭ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከዚያም ወደየቤተሰቡ ግሩፕ ሲዘዋወር ከርሟል። የላኩልኝ ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "እውነት ነው እንዴ?" ሥራዬ ጥብቅና ነው። የማገላብጠው ፋይል አብዛኛው የፍቺ፣ የቀለብና የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ ነው። ዝም ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር። ግን ጽሑፉን አንብቦ የወሩን ክፍያ ያቆመ አባት ቢሮዬ መጣ። "ምንም አያመጡም ይላል እኮ" አለኝ፣ ስልኩን እያሳየኝ። ልጁ ገና አንደኛ ክፍል ናት። ይህን መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት ያኔ ነው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሕጉ ከአባት ደመወዝ ሲሶውን ወስዶ ለቀድሞ ሚስት ይሰጣል፤ ስለዚህ ተቆራጭ አባት ላይ የተጣለ ቅጣት ነው ይላሉ። እናት ገቢ ካላት ወጪው ግማሽ ለግማሽ መሆን ሲገባው ፍርድ ቤት ይህን አይሰማም። ከልጁ ጋር እንዳይገናኝ የተከለከለ አባት የመክፈል ግዴታ የለበትም። አንዴ የተቆረጠ ቀለብ ፍርድ ያረፈበት ስለሆነ ከእንግዲህ አይነካም። ሕጉ የሚደርስበት ደመወዝተኛውን ብቻ ነው፤ ነጋዴውን፣ ሹፌሩንና ውጭ አገር ያለውን አይነካም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሁሉም ነገር ያበቃል። ምክራቸው ደግሞ ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት ከመመላለስ በሽማግሌ ተስማምቶ፣ አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሰጥቶ፣ "ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ማስፈረም።

ጽሑፉ ውስጥ የእውነት ሕመም አለ። ልጁን ለወራት ያላየ አባት ምን እንደሚሰማው ጸሐፊው በደንብ ገልጸውታል። እሱን አከብራለሁ። የምከራከረው ከሕመሙ ተነስተው ከደረሱበት ድምዳሜ ጋር ነው።

የማወራው በዋናነት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው ስለ ተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም ስለ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ በልጅ ቀለብ ላይ ግን መሠረታዊ ሐሳባቸው ይቀራረባል። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሄዱ ከሆነ የሚዳኙት በዚያ ነው።

ከሲሶው ልጀምር፤ ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእሱ ነውና።

የቤተሰብ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት "ሲሶ" የሚባል የቀለብ መለኪያ አታገኙም። የቀለብ መጠን የሚወሰነው ሁለት ነገር ታይቶ ነው፤ የጠያቂው ፍላጎትና የከፋዩ አቅም። ቀለብ ስንልም እንጀራና ወጥ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 197 መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናን፣ እንደ ሁኔታውም ትምህርትን ይጨምራል። ታዲያ ሲሶው ከየት መጣ? ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህ ጣሪያ ነው። የተቀመጠውም ሠራተኛውን ለመጠበቅ ነው፤ ባለዕዳ የሆነ ሰው ወር ደርሶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዳይገባ። ሰው አፍ ላይ ግን ጣሪያው መለኪያ ሆነና ቀረ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እንበልና አንዱ አባት 9,000 ብር፣ ሌላው 60,000 ብር ደመወዝ አላቸው። ሁለቱም አንድ አንድ ልጅ አላቸው። በጸሐፊው ስሌት አንዱ 3,000፣ ሌላው 20,000 ይከፍላሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ችሎት ላይ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ልጅ በወር ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። አንዲት እናት ይዛ የቀረበችውን ወረቀት አስታውሳለሁ። ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሰርቪስ፣ ከቤት ኪራዩ የልጁ ድርሻ፣ ወተት፣ የአስም መድኃኒት ከነደረሰኙ። ከሁሉም ታች "ጫማ፣ በዓመት ሁለቴ" ብላ ዋጋውን ለ12 አካፍላዋለች። ዳኛዋ መስመር በመስመር ጠየቋት። አባትየው በበኩሉ የደመወዝ ማስረጃውንና የሚጦራት እናቱን ጉዳይ አቀረበ። ወተቱ ላይ ምንም አላለም። መድኃኒቱ ላይ ምንም አላለም። ሰርቪሱን ግን ተቃወመ፤ ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ጠዋት ጠዋት እኔው አደርሰዋለሁ አለ። ተቀባይነት አገኘና ሰርቪሱ ተቀነሰ። መጨረሻ ላይ የተቆረጠው ከደመወዙ ሲሶ ያነሰ ነበር። ያ አባት ሲሶ ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦ ባይቀርብ ኖሮ ያን ክርክር ማን ያነሳለት ነበር?

በተቃራኒውም ይሠራል። የቤት ኪራይ የሚሰበስብ፣ መኪና የሚያሠራ አባት አቅሙ በደመወዙ ብቻ አይለካም። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ቀለቡም ትንሽ ይሁን ማለት አይችልም።

ጸሐፊው ሳያነሱት የቀረ፣ ቢያነሱት ግን አብሬያቸው የምቆምበት ነገር አለ። እኛ አገር ዳኞች የሚመሩበት የቀለብ ሠንጠረዥ የለም። ገቢያቸው ተመሳሳይ፣ የልጆቻቸውም ዕድሜ ተመሳሳይ የሆነ ሁለት አባቶች ሁለት ችሎት ሄደው የተለያየ መጠን ሊወሰንባቸው ይችላል። ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን ማስረጃ ይዞ መቅረብና አስፈላጊ ሲሆን ይግባኝ ማለት ነው። መክፈል ማቆም መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

"ለቀድሞ ሚስት የሚሰጥ ገንዘብ" የሚለውስ? ገንዘቡ በእናትየው ሂሳብ ስለገባ የእሷ አይሆንም። የምታስተዳድረው ለልጁ ነው። ቅጣት ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛ ይፈለግ ነበር። የልጅ ቀለብ ሲወሰን ግን ማን ማንን በደለ፣ ፍቺውን ማን ጠየቀ ተብሎ አይመዘንም። ሳይጋቡ የተወለደ ልጅም ቀለብ ይቆረጥለታል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተርም የወላጆች የጋብቻ ሁኔታ ልጅን ቀለብ ሊያስቀር አይችልም ይላል። ሚስት በሌለችበት "ለሚስት የሚሰጥ" ማለት አይቻልም። ከፋዩም ሁልጊዜ አባት አይደለም። እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ እየሠራች ልጁን አባት እዚህ የሚያሳድግባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ቤት ከፋይዋ እናት ናት። ሕጉ አባት ወይም እናት ብሎ አይለይም።

ገንዘቡ በእርግጥ ለልጁ መዋሉን ማን ያያል የሚለው ጥያቄ ግን አግባብ ነው። የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለችሎቱ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ልክፈል፣ የቀረውን ወደ ሂሳቧ ላስገባ ማለት ይቻላል። ብዙ እናቶችም በዚህ ይስማማሉ። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ፣ መንገድ ላይ መስጠት ግን ለሁለታችሁም ጠብ ማትረፍ ነው። በባንክ አስገቡ፤ ምክንያቱ ላይም "የእገሌ ቀለብ፣ የዚህ ወር" ብላችሁ ጻፉ።

ግማሽ ለግማሽ የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። እናትም እንደ አባት ግዴታ አለባት፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን 40,000 ብር የሚያገኝ አባትና 8,000 የምታገኝ እናት ወጪውን እኩል ይካፈሉ ማለት በአቅም መካፈል አይደለም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ልጁን የያዘው ወላጅ ድርሻውን በየቀኑ በሥራ እየከፈለ ነው። ጠዋት የሚቀሰቅስ፣ ምሳ ዕቃ የሚቋጥር፣ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ ጤና ጣቢያ የሚሮጥ፣ ለወላጆች ስብሰባ ከሥራ የሚያስፈቅድ እሱ ነው። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ቤት ሠራተኛ ቢቀጠር ደመወዙን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣ። "ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም።"

ይህን ቃል ችሎት ላይም ቢሮዬ ውስጥም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት ስጦታ ይዞ በር ላይ ቆሞ "የለም፣ አያቱ ጋ ሄዷል" የተባለ አባት ንዴቱ እውነተኛ ነው። ግን እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። አጥፊዋ እናት ናት እንበል። ክፍያው ሲቆም የሚቀጣው ማን ነው? የትምህርት ቤት ክፍያው ሳይከፈል የሚቀረው የልጁ ነው። መድኃኒቱ ሳይገዛ የሚቀረው ለልጁ ነው። በአንዱ ወላጅ ጥፋት ልጁ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ መጀመሪያ አባቱን አጣ፣ ቀጥሎ ቀለቡን።

ሕጉም ሁለቱን አላሰረም። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ ትምህርቱን፣ ጤንነቱን፣ ቀለቡን፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ የሚገናኙበትን ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው። አንዱ ለሌላው መያዣ አይሆንም። ይህ እናቶችንም ይመለከታል፤ "ካልከፈልክ አታየውም" ማለትም ያው ጥፋት ነው። ጸሐፊው የእናቶቹን ጥፋት በደንብ ተናግረዋል። የአባቶቹን ግን ትተውታል።

የተከለከለ አባት ምን ያድርግ? መክፈሉን አያቋርጥ። የከፈለበትን ደረሰኝ ይያዝ። ከዚያ የመገናኘት ውሳኔው እንዲፈጸም ለዚያው ፍርድ ቤት ያመልክት። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቅ። "እንደሚመቻቸው ይገናኙ" የሚል ውሳኔ አጣልቶ እንጂ አገናኝቶ አያውቅም። "በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ አያቱ ቤት" የሚል ግን ሊፈጸም ይችላል። እናትየው በተደጋጋሚ ከከለከለች ልጁን ማን ይያዝ የሚለው ራሱ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚቀርብ አባት ፋይሉ ውስጥ የተሟላ የክፍያ ደረሰኝ ካለው ንግግሩ ክብደት አለው። የስድስት ወር ውዝፍ ካለበት ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ውዝፉ ነው።

የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ አባትየው አባትነቱን ይዞ ይሰጠኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ፣ ከወላጅ መብት የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ወላጅ በልጁ ላይ ያለው መብት የሚጠነክረው ለልጁ ጥቅም በቆመ መጠን ነው። ክፍያ የሚያቆም አባት ይህን ክርክር በገዛ እጁ እየተሸነፈ ነው።

የጸሐፊው ቅሬታ እውነት የሆነበትን ቦታም ልናገር። የመገናኘት ውሳኔን ማስፈጸም ከቀለብ ይከብዳል። ደመወዝ በደብዳቤ ይቆረጣል፤ የተደበቀ ልጅ በደብዳቤ አይመጣም። ፍርድ ቤቶቻችን እዚህ ላይ ጠንከር ማለት አለባቸው። ይህን ጥያቄ ጸሐፊው ቢያነሱ ፊርማዬን አኖራለሁ።

"አንዴ ከተቆረጠ አይነካም" የሚለው ፈጽሞ ስህተት ነው። ፍርድ ያረፈበት ጉዳይ ዳግም አይታይም የሚለው ደንብ በተመሳሳይ ፍሬ ነገር ላይ ዳግም መከራከርን ነው የሚከለክለው። ቀለብ ግን የተወሰነበት ሁኔታ ሲለወጥ እንዲከለስ ሕጉ ራሱ ፈቅዷል። ሁኔታ የማይለወጥበት አገር ውስጥም አይደለም ያለነው። በ2010 ወይም በ2011 የተቆረጠ 1,500 ብር ያኔ ምን ይገዛ ነበር? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 አለፈ፤ የዘይቱን፣ የመድኃኒቱንና የትምህርት ቤቱን ዋጋ ሁላችሁም አይታችኋል። ልጁ ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፤ ዛሬ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህ በቂ ምክንያት ነው። ቀለቡን የወሰነው ፍርድ ቤት ጋ የድሮውን ውሳኔ ግልባጭ፣ የአሁኑን ወጪ ማስረጃና ስለ ከፋዩ ገቢ የምታውቁትን ይዛችሁ ማመልከት ነው።

ለከፋዩም እንዲሁ ነው። ከሥራ የተቀነሰ፣ የታመመ፣ ሌላ ልጅ የወለደ አባት እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ፦ በራሳችሁ አትቀንሱ። ሥራ የቆመበት ሳምንት አመልክቱ። አዲስ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ አሮጌው ይቆጥራል፤ ዝም ብላችሁ በቆያችሁ ቁጥር ውዝፉ ይከመራል። ውዝፍ የምትጠይቁ እናቶችም አትዘግዩ፤ የቤተሰብ ሕጉ ሳይጠየቅ ለቆየ ቀለብ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው። "ይሁን፣ ሲሞላለት ይሰጠኛል" እያሉ መቆየት መብትን ያሳጣል።

"ሕጉ የሚደርስበት ደመወዝተኛውን ብቻ ነው" የሚለው የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለድርጅት የሚሠራ ሰው ላይ ማስፈጸም ይቀላል። የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ለአሠሪው ደብዳቤ ይጻፋል፤ ገንዘቡ በየወሩ ተቆርጦ በልጁ ወይም በእናቱ ሂሳብ ይገባል። ነጋዴ፣ ደላላ ወይም ሚኒባስ ነጂ ላይ ሲሆን ግን አድካሚ ነው። ይህ ኢፍትሐዊነት ነው።

ከባድ ነው ማለት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። "ገቢ የለኝም" የሚል ሰው ንግድ ፈቃድ አለው ወይ? በስሙ የተመዘገበ መኪና ሊብሬ አለ ወይ? ባንክ ሂሳቡ ላይ ምን ይንቀሳቀሳል? ቤት አከራይቷል ወይ? ፍርድ ቤቱ ለባንኮች፣ ለገቢዎችና ለትራንስፖርት ቢሮ ጽፎ ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። የባንክ ሂሳብ ይታገዳል፣ መኪና ይያዛል፣ የኪራይ ገቢ በቀጥታ ለልጁ እንዲከፈል ይደረጋል። አቅም እያለው በእምቢተኝነት የማይከፍል ባለዕዳ ታስሮ እንዲቆይ የሚያዝበት መንገድም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አለ። ከዚህ ውጭ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚነፍግን ሰው በአቤቱታ ያስቀጣል። ይህን የመጨረሻውን ለማስፈራሪያ አልጠቅሰውም፤ የታሰረ አባት ገንዘብ አያመጣም። ግን "ምንም አያመጡም" የሚለው ምክር ሰውን ወዴት እንደሚወስድ መታወቅ አለበት።

ጠበቃ መቅጠሪያ የሌላቸው እናቶች ቤት ይቀመጡ ማለትም አይደለም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ይከሳል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይረዳሉ። የፍቺ ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅም የለባችሁም፤ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ ወዲያው ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ይህን ሳይጠይቁ ቀርተው ወራት በብድር የኖሩ እናቶች አውቃለሁ።

ውጭ አገር ስላለውም ጸሐፊው "አይነካም" ብለዋል። እዚህ ያለው ንብረቱ ይነካል። ቦሌ አፓርታማ ገዝቶ የሚያከራይ አባት ዋሽንግተን ቢኖርም ኪራዩ እዚህ ነው። መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ ካልተገኘ በጋዜጣ ይጠራል፤ ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። ራሱን በተመለከተ ደግሞ አሜሪካ ያለ ሰው ከእኛ አገር ይልቅ ለማምለጥ ይቸግረዋል። እዚያ የልጅ ቀለብ የሚያስፈጽም የፌዴራል ፕሮግራም ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እያንዳንዱ ግዛት ለዚህ ሥራ የቆመ መሥሪያ ቤት አለው። ደመወዙ በቀጥታ ይቆረጣል፤ ከታክስ የሚመለስለት ገንዘብ ይያዛል፤ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት አይሰጠውም፣ አይታደስለትም። ልጁ ኢትዮጵያ ቢሆንም እናትየው አባት በሚኖርበት ግዛት ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች። ኢትዮጵያ የ2007ቱ እ.ኤ.አ. የሄግ የቀለብ ስምምነት አባል ስላልሆነች መንግሥት ለመንግሥት የሚሄድ የተደላደለ መንገድ የለም፤ ስለዚህ እዚያ የሚወክላት ሰው ያስፈልጋታል። ገልፍ አገሮች ላይ ይበልጥ ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ከእውነት አይርቅም።

18 ዓመትን በአጭሩ ልለፈው። አካለ መጠን የሚደረስበት ዕድሜ ነው፤ ልጅን ማን ይያዝ የሚለው ክርክር እዚያ ያበቃል። የቀለብ ግዴታ ግን በወላጅና በልጅ መካከል በዕድሜ አይቆረጥም። መስፈርቱ ችግርና ሠርቶ ራስን አለመቻል ነው። አካል ጉዳት ያለባትና መሥራት የማትችል የ22 ዓመት ልጅ ትጠይቃለች። ዩኒቨርሲቲ የገባም ጥያቄውን በራሱ ስም ማቅረብ ይችላል። የሠራና ራሱን የቻለ ልጅ ግን አይጠይቅም። ግዴታው ዞሮ ይመጣልም፤ ያረጁና ያጡ ወላጆች ከልጆቻቸው የሚጠይቁት በዚያው ሕግ ነው።

የቀረው ወረቀቱ ነው፤ የጸሐፊው ምክር። ሽማግሌ ማስቀመጥ በራሱ ጥሩ ነው። ፍርድ ቤትም ቢሆን ሰው ተስማምቶ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ችግሩ "ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም" የሚለው መስመር ነው። እናት የራሷን ንብረት መተው ትችላለች። የልጇን ቀለብ መተው አትችልም፤ የእሷ አይደለምና። በስምምነት በሚፈርስ ጋብቻ እንኳ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እንዳለ አይቀበልም። የልጆቹን ጥቅም በበቂ አላስጠበቀም ብሎ ካመነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን ራሱ ይወስናል። ጓዳ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ከዚህ የበለጠ ኃይል ሊኖረው አይችልም። በአባት በኩልም ጉዳት አለው። 200,000 ብር አንድ ጊዜ ሰጥቶ ተገላገልኩ ያለ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ሲታመም ይከሰሳል፤ ያኔ ገንዘቡም የለም፣ ወረቀቱም አያድነውም።

መስማማት ከፈለጋችሁ በወር ስንት፣ በየትኛው ሂሳብ፣ በየትኛው ቀን፣ የትምህርት ቤቱን ማን፣ ሕክምናውን ማን፣ ልጁ ከማን ጋር መቼ እንደሚውል ጽፋችሁ ፍርድ ቤት አስጸድቁት። ጸድቆ ከተመዘገበ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ያንን "ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ቀድሞውኑ የፈረማችሁ እናቶችም አትደንግጡ፣ አትቅደዱትም። ይዛችሁ ሂዱ። መቼና ስንት እንደተከፈለ ያሳያል፤ ገንዘቡም ሲታሰብ ለአባትየው ይቆጠርለታል። ሁለታችሁም ኮፒ ያዙ።